ገደል የገባው ስልኬ

ዛሬ ስልኬ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ከተቆፈረው ጥልቅ ገደል ገባ። አለቱ ላይ ሲነጥር በጆሮዬ ሰማሁት።

ቤንዚን ጨመረ ተብሎ የባጃጅ ታሪፍ ስለተወደደ በእግሬ ነበር የምሄደው። ከላይ በገደሉ አፋፍ ሳልፍ ልሳለም ጎንበስ ስል ከነጠላዬ ጫፍ ሾልኮ ወደቀ።

ለእቃ ማጠብ ሥራ የጠየቅሁት ሆቴል ደግሞ «ዛሬ እንደውላለን፤ ካላነሣሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ብሎኝ ነበር።

እየሮጥኩ ስወርድ አንድ የማላውቃቸው ቄስ ክዳኑን፣ ባትሪውንና ቀፎውን ለቅመው ይገጣጥማሉ።

«የእናንተ የልጆቹ ስልክ ሲወድቅ መላ ቤተሰቡ ይበተናል» አሉኝ ባትሪውን እያስገቡ።

ገና እንዳበሩት ጠራ። ሆቴሉ ነው። እኔ ከድንጋጤና ከዓይን አፋርነት የተነሣ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ አባ አነሡት።

«አቤት! አዎ፣ ልጅቷ እዚሁ አለች፣ አጠገቤ ቆማለች። እንዴታ፣ ጨዋ ልጅ ናት! መቼ ትምጣ?»

ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም እኮ!

«አባ፣ አያውቁኝም» አልኳቸው ሲዘጉት።

«ከላይ ስትሳለሚ አይቼሻለሁ፤ አይበቃም? በይ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ግቢ ብለውሻል።»

እፎይ! መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ግን ይኸው በሱ እየጻፍኩ ነው።

ባትሪው ይፈናጠራል እያላችሁ የምትስቁበት ስልክ፣ እኔ እንደሚመስለኝ የሚተርፈው በመፈናጠሩ ነው። የቤንዚኑ ነገር ግን ያው ነው፤ ነገም በእግሬ ነኝ።

የእናንተስ ስልክ ከየት ወድቆ ተርፎ ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ መሳቅ አምሮኛል።