ፍትሐት ያጣችው ኖየምዛር

ኢስኩሂ ሰማንያ ዓመቷን እስክትደፍን ድረስ ለአክስቷ ለኖየምዛር ፍትሐት አስደርጋ አታውቅም። የአያቶቿና የአጎቶቿ ስም ግን በየዓመቱ ይጠራል። መንግሥት ቤተ ክርስቲያኑን የእህል መጋዘን ባደረገበት ዘመን እንኳ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ተጠርቷል። ኖየምዛር ላይ ሲደርሱ ዝም ይባላል። እናቷ ዛርዳር አስምላት ነበር።

በዚያ በክፉው ዓመት፣ በእልቂቱ ጊዜ፣ የሱልጣኑ ወታደሮች የኻርበርድ ከተማን አርመኖች ነቅለው ወደ በረሃ ሲነዱ ዛርዳር የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷን ከበር ላይ ወሰዱት፤ እናቷ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። ዛርዳር የሦስት ዓመት እህቷን አዝላ ተጓዘች። ሕፃኗ ውሃ ውሃ ስትል አንድ የበለስ ዛፍ ሥር አስቀመጠቻትና «እዚሁ ጠብቂኝ» ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። የቀሚሷን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትመለስ፣ ዛፉ ጋ ሳትደርስ፣ ፈረሰኞቹ በጅራፍ እየገረፉ ከሌሎቹ ጋር ነዷት። ቀሚሷ መንገድ ላይ ደረቀ። ኖየምዛርም የውሃ ሽታ ሆና ቀረች።

ዛርዳር አሌፖ ውስጥ አድጋ፣ አግብታ፣ ኢስኩሂን ወለደች። ኋላ ወደ አርሜኒያ ሲመጡ ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ ከመጣች ወዴት እንደሄድን ንገሯት» ብላ አደራ ሰጠች። ልጇንም እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታስጠነቅቃት ነበር።

«አልሞተችም። ጥያት ሄድኩ እንጂ መሞቷን አላየሁም። ቄስ ፊት ስሟን ያስጠራሽ ቀን እኔ ገደልኳት ማለት ነው።»

የእልቂቱ መቶኛ ዓመት ሲመጣ ግን ኢስኩሂ ልቧ ፈራ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። እኔ ካለፍኩ ይህችን ልጅ ማን ያነሳታል ብላ ተጨነቀች። መሐላውን ልታፈርስ ቆረጠች፤ ለተዝካሩም ስንዴና ዶሮ አብራ ቀቀለች። በመታሰቢያው ቀን ዋዜማ ምሽት የሀገሩ ደወል ሁሉ ሲደወል፣ በስደቱ ያለቁት ሰማዕታት ቅዱሳን መባላቸው ሲነገር፣ ከመንደሩ ጋር ቆማ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄስ ዛቬን ወጣት ነው፤ ክርስትና ሲነሳ አቅፋው ነበር።

«አባ፣ የአንዲት ልጅ ፍትሐት አድርግልኝ።»

«የማን ልጅ ናት እማማ?»

«የእናቴ እህት ናት። በስደቱ መንገድ የቀረችው።»

የቄሱ ፊት በራ። «እማማ፣ የትናንቱን ደወል አልሰሙም እንዴ? ቅዱሳን እኮ ሆኑ! ለቅዱስ ፍትሐት አይደረግም። ከእንግዲህ እኛ ለእነሱ አንጸልይም፤ እነሱ ናቸው ለእኛ የሚጸልዩት።»

«ሰምቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ለሌሎቹ ስንት ጊዜ ተደርጎላቸዋል። ለእሷ ግን አንድም ቀን አልተደረገላትም። አንዴ ብቻ፣ በእናትህ።»

«አልችልም እማማ፣ ሥርዓቱ ነው። ይልቅ ይለምኗት፣ ታማልድዎታለች።»

«ምን ብዬ ልለምናት? የሦስት ዓመት ልጅ እኮ ናት! ውሃ የለመነችን እሷ!»

ቄሱ አጠገቡ ያሉትን ጧፎች ማስተካከል ጀመረ። ኢስኩሂ ነጠላ ጫማዋን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች።

«መቶ ዓመት በሕይወት አቆየናት። ትናንት ቅድስት አደረጋችኋት። የሞተችበት አንድ ቀን እንኳ የላትም። ታዲያ መቼ ላልቅስላት፣ አባ?»

ቄስ ዛቬን ዓይኑ ቀላ። ጧፍ ሰጣት፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም። እሷም አብርታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቅድስና ትልቅ ክብር ነው፤ አንጀት የሚያርሰው ግን የለቅሶ ወጉ ነው።

ጎረቤቷ አናጺው ማርቲክ ለተዝካሩ ቀድሞ ደርሶ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

«ደስ ይበልሽ ኢስኩሂ! አንድ ሌላ አገር ደግሞ እልቂታችን የዘር ማጥፋት ነው ብሎ አወቀልን። መቶ ዓመት ሙሉ ሲያስቡበት ከርመው፣ ምስኪኖች!»

«ኖየምዛርንስ አውቀዋታል?»

ማርቲክ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ቄሱ ያላትን ስትነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ የእንጆሪ አረቄ ቀዳላትና ብርጭቆውን እንዳነሳ ግራ ገባው። በእኛ በአርመኖች ዘንድ ለሙት ሲጠጣ ብርጭቆ አይጋጭም፤ ለበዓልና ለደስታ ነው የሚጋጨው።

«እንግዲህ ቅድስት ናት ካሉ... እናጋጭ እንዴ?»

ኢስኩሂ ብርጭቆዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«አናጋጭም» አለች። ዓይኗን ጨፈነች። «ኖየምዛር፣ ጠብቂኝ ብለንሽ ቀረን። በቃ የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂን። ነፍስሽን ይማር።»

ማርቲክ ቆቡን አወለቀ። ብርጭቆዎቹ ሳይነካኩ ጠጡ።