ጉንዳኖቹን ማንም አላየም

ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በጉንዳን ምክንያት ተባረርኩ ብዬ ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ያኔም አልሳቅሁበትም፣ ዛሬም አልስቅበትም።

ዳንግላ ትምህርት ቤት ስገባ አባቴ በግልጽ ነግሮኛል። በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ የቻለውን ያህል ይማራል። እኔ ግን "አንድ ክስ ከሰማሁ በዚያው ቀን እቤት ትቀሪያለሽ" ተባልኩ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተከሶ፣ ሁለት ጊዜ ተገርፎ ተመልሷል። ለእሱ ሁለት፣ ለእኔ አንድ የሆነበትን ምክንያት ብጠይቅ "አንቺ ሴት ነሽ" አለኝ። ይህ መልስ ከሆነ መልሶልኛል።

ከወንድሜ ጋር አንድ ላይ ሦስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ከሩቅ አገር የመጣ፣ አገውኛ የማይሰማ፣ አርጩሜ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። አንድ ቀን ስለ ሥርዓት ሲያስተምረን እንዲህ አለ፦

"ጉንዳን እንኳ ንጉሥ አለው። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ 'አንተ እህል አምጣ፣ አንተ በር ጠብቅ' እያለ ያዛል። እነሱም ይታዘዛሉ።"

እኔ ደግሞ ጉንዳን አውቃለሁ። ከአውድማችን ጤፍ እየለቀሙ እንዳይወስዱ ስጠብቅ የምውለው እኔ ነበርኩ። አዝመራው በከፋበት ዓመት ከእናቴ ጋር ጉድጓዳቸውን ቆፍረን ጤፋችንን አስመልሰናል። ከሥር ያገኘናት ትልቂቱ ሆዷ ያበጠ፣ እንቁላል ከመጣል በቀር ሥራ የሌላት ነበረች። ፀሐይ ሲያገኛት እንደ ሌሎቹ ልትደበቅ ሞከረች እንጂ ማንንም አላዘዘችም። መንገዳቸውንም በአውራ ጣቴ ጠርጌ አይቻለሁ። ሲጠረግባቸው ይቆማሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ። ከጉድጓድ ትእዛዝ ይዞ የሚመጣላቸው የለም። ከመካከላቸው አንዷ ትሻገራለች፤ ሁለተኛዋ የእሷን ዱካ አሽትታ ትከተላለች፤ ሦስተኛዋ የሁለቱን። ትንሽ ቆይቶ መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የለም፤ ሥራ ፈትቼ አውድማ ዳር ስቀመጥ ያየሁት ነው።

እጄን አነሳሁ። "መምህር፣ የሚያዛቸው የለም።"

"እሰይ! ከጉንዳን ጋር ተማክራ የመጣች ተማሪ አገኘን" አለ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። "ታዲያ ማን ያዛቸዋል? አንቺ?"

"ማንም። ይምጡና ላሳይዎት።"

ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ መጣ። ልጆቹም በሙሉ ተከትለውን ወጡ። በአጥሩ ሥር የሚሄደውን መስመር በጣቴ ቆረጥኩት። ጉንዳኖቹ ከወዲህም ከወዲያም ተከማቹ። ወንድሜ ከጎኔ ተንበርክኮ ነበር። "ተሻገረች! ያቻትና!" ብሎ የጮኸው እሱ ነው። መስመሩ እንደገና ገጠመ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ።

መምህሩ ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። "ግቡ" አለ።

በማግስቱ አባቴ ተጠራ። ፈረሱን ከአጥሩ አስሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ክፍላችን ገባ።

"ልጅዎ ያለ ንጉሥ መኖር ይቻላል እያለች ተማሪ ታሳምፃለች" አለው መምህሩ።

በዚያ በንጉሡ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል የገበሬ ቤት ያፈርስ ነበር። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ።

"እኔ ያልኩት ስለ ጉንዳን ነው" አልኩ። "በሜዳ አሳይቻቸዋለሁ፣ ሁሉም አይተዋል። አባየ፣ ይጠይቋቸው።"

አባቴ ወደ ወንድሜ ዞረ። የጠየቀው በአገውኛ ነው። "እህትህ የጉንዳን ነገር አሳይታችኋለች? ያየኸውን ንገረኝ።"

ወንድሜ አርጩሜውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። "አላየሁም።"

አጠገቡ ያለው ልጅም ተጠየቀ። "አላየሁም።" ከኋላው ያለችው እህል ውሃ የምንካፈል ጓደኛዬ ነበረች፤ እሷ ሳትጠየቅ ነው "እኔም አላየሁም" ያለችው። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። መምህሩ ጥያቄው እንኳ አልገባውም፤ ማስፈራራት ቀርቶ አፉን አልከፈተም። አላዘዛቸውም። ማንም አላዘዛቸውም።

አባቴ ደብተሬን ተቀብሎ ለወንድሜ ሰጠው። ግማሹ ገና አልተጻፈበትም ነበር። ፈረሱን ፈትቶ ወጣ፤ እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ።

ወንድሜ ተምሮ እንጅባራ የቢሮ ሰው ሆነ። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው በጋ ሊጠይቀኝ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጉንዳኖች በእግራችን ሥር ያልፉ ነበር። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"ያን ቀን አይቼ ነበር እኮ" አለኝ።

"አውቃለሁ። የጮኸው ያንተ አፍ ነው።"

"አርጩሜውን ፈርቼ ነው፣ እቴዋ። ልጅ ነበርኩ።"

"እኔስ ምን ነበርኩ? አንተ 'አይቻለሁ' ብትል ያኛውም ይል ነበር፣ ያችኛዋም። የመጀመሪያው አንተ ነበርክ።"

"አሁን ምን ላድርግልሽ?"

"ልጆችህን ጥራና እፊታቸው ተናገረው። በማን ደብተር እንደጻፍክ ይወቁ።"

ከዘራውን አንስቶ፣ ጉንዳኖቹን እንዳይረግጥ ተጠንቅቆ ተራምዶ ሄደ። ልጆቹን እስከ ዛሬ አልጠራቸውም።