ከወንዙ በታች ያለችው ከተማ እንዴት እንደታተመች

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ምሕረት ናት፤ የታሪኩ ጸሐፊ፣ ካርቱም ተወልዳ ጀብራ ሰፈር ያደገች፣ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሁለተኛው እዚህ ካርቱም ያለን ያገር ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር፣ በላቸው ነው። ሦስተኛው ጸሐፊው ጌታሁን ነው። እነዚህ ሁለቱ በወጣትነታቸው በተቃራኒ የፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ስለነበሩ፣ አንዱ ጠዋት ነው ካለ ሌላው ሰዓቱን ያያል። አራተኛዋ አልማዝ ናት፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ መጽሔታችን የሚሸጥበት፣ ሳጃና ሰፈር ያለው ሻይ ቤት ባለቤት። አምስተኛው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የማተሚያ ሱቅ ያለው ሱዳናዊ፣ አም ሲዲቅ ነው። አም ማለት አጎቴ እንደማለት ነው። ስድስተኛው እኔ ኃይሉ፣ የማባዣ ሠራተኛው ነኝ።

አም ሲዲቅ ሱቅ የገባሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ደርዳሪ ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ያገሬ ሰው የድርጅቱን መግለጫ ይዞ መጣ። የሚተይበው ሠራተኛ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስቴንስሉን፣ የሚባዛበትን የሰም ወረቀት፣ እኔ እንድጽፍ ተነገረኝ። መግለጫው በሰልፉ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እንደተገኘ ይላል። እኔ ሰልፉ ላይ ነበርኩ፤ አርባ አንሞላም ነበር። ስለዚህ «በሺህ የሚቆጠር» የሚለውን ትቼ «ጥቂት ሰዎች» ብዬ ጻፍኩ።

ሰውየው በማግስቱ የተባዛለትን መቶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሄደ። አም ሲዲቅ አልተቆጣም። አስቀመጠኝና የሥራውን ሕግ ነገረኝ። «የተሰጠህን አባዛ። ካልወደድከው ወረቀቱን ለባለቤቱ መልስና ሻይህን ጠጣ። ሦስተኛ ነገር የለም።»

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ማንበብ ያዘወተርኩት ከማባዛው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ውሸት አንብቤአለሁ። ጠዋት የከሳሹን መግለጫ፣ ከሰዓት የተከሳሹን መልስ አባዛለሁ። ሁለቱም «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ነን ይላሉ፤ ሁለቱም ዋጋ ቀንስልን ብለው ይለምናሉ። ከስቴንስል ወደ ኮምፒውተር፣ ከእጅ ማባዣ ወደ ኤሌክትሪክ ስንሸጋገር ቃሉ አልተለወጠም። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አንዲት ፊደል አልነካሁባቸውም። በዚህ እኮራ ነበር።

ምሕረት አንድ ቀን ሰማያዊ ደብተር አመጣችልኝ። ውስጡ ተከታታይ ታሪክ ነው። ከትልቅ ወንዝ በታች አንዲት ከተማ አለች፤ አየር የሚደርሳት በፓምፕ ነው። ትልቅ ሞተር የገዛ ቤት የጎረቤቱን አየር ስቦ ይወስዳል። የፓምፑ ኃላፊ ይህንን ያውቃል፤ ዝም ይላል። አንዲት ልጅ ቧንቧውን እየተከተለች ወደ ላይ መውጣት ትጀምራለች።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኳት። ከውሃ በታች የሚኖር ሰው የለም፤ ዕድሜሽን እንዲህ ባለ ነገር አትፍጂ ብዬ መከርኳት።

«ባባ፣ የግቢያችንን የውሃ ሞተር አላየኸውም?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ። የገዛሁት እኔ ነኝ። እሱ ሲነሳ የጎረቤቶቻችን ቧንቧ ይደርቃል። ደብተሩን ያዝኩና ለማኅበሩ መጽሔት አቀረብኩላት።

በማኅበራችን ሦስት ፊርማ የሌለው ወረቀት አይባዛም። የሊቀመንበሩ፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ። ይህ ልማድ ከድርጅት ዘመን የመጣ ነው፤ የለቅሶ ማስታወቂያ እንኳ ሦስት ፊርማ ይዞ ነው የሚመጣው። አልማዝ ሁለት ገጽ እንዳነበበች ፈረመች። ሁለቱ ወንዶች ግን ምሕረትን አስጠሩ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

«ይሄ የፓምፑ ኃላፊ ማነው?» አለ በላቸው።

«ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው ነው።»

«እሱንማ አነበብኩት። ማንን ነው የምትዪው?»

«ማንንም አላልኩም ጋሼ።»

«ጺም አለው ብለሻል» አለ ጌታሁን ጺሙን እየነካ።

«የእኛ ሰፈር ሞተር ጠጋኝ ጺም አለው።»

«ምን ጺሙ ብቻ!» አለ በላቸው። «ስብሰባ ላይ ተኝቶ በሌሎች ስም ይፈርማል ይላል። ይሄ እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» አለ ጌታሁን።

ሁለት ሽማግሌዎች ለአንድ ስድብ ሲሻሙ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሁለቱ ፊርማ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። በመጀመሪያ የኃላፊው ጺም ተላጨ። መነጽር ቢደረግለት በላቸው መነጽር አለኝ አለ፤ መነጽሩም ወለቀ። የወንዙ ስም ወጣ፤ መንግሥታት በግድብ ሲነታረኩ እኛ ምን አገባን ተባለ። ለከተማዋ ሕዝብ አንድ ጊዜ ባንዲራ ስጪው አሏት፤ ባንዲራው ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ መልሰው ነጠቁት። በየለውጡ ወረቀቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ሲመላለስ ከረመ። እኔም ልጄን ታገሺ እላት ነበር። እሷ ታገሠች። «ቢያንስ ፓምፑን አልነኩብኝም» አለችኝ።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው የዳቦ ሰልፍ መንገድ በዘጋበት ሰሞን ነው። አልማዝ እንደነገረችኝ ያባዛናቸው ሃያ ቅጂዎች ሻይ ሳይፈላ አለቁ። ሁለተኛውን ሃምሳ አደረግነው። ሦስተኛው ሲወጣ ከተማው በሠውራ ተነሥቶ ነበር፤ እዚህ ያለን ሁሉ አብዮቱን በዓረብኛ ስሙ ነበር የምንጠራው። ሳጃና የማላውቃቸው ሰዎች አስቁመው «አየሩ ደረሰላቸው?» ይሉኝ ጀመር። ሠላሳ ዓመት መግለጫ ሳባዛ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ምሕረት ላይብረሪ ነበርኩ ትላለች፤ ልብሷ ቡምባን ቡምባን ይሸታል፤ እዚህ አስለቃሽ ጭሱን የምንጠራው እንዲህ ነው። ይህ የእኛ አገር አይደለም፣ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በየዓመቱ የሚታደስ እንግዶች ነን አልኳት። እሷ የተወለድኩበት ነው አለችኝ። ጫማዋን ደበቅሁ። የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ወጣች።

አሥር ክፍሎች በዚህ ዓይነት ወጡ። የመጨረሻው ሲቀር መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ኮሚቴው መሰብሰብ ተሳነው። ምሕረት ከጀብራ በእግሯ መጥታ ደብተሯን የማባዣው ክዳን ላይ አስቀመጠችው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ስሟን ጽፋ ፈርማበታለች።

«ባባ፣ ሦስቱ ፊርማ የለም። የእኔ ብቻ ነው። ይበቃል?»

«ይበቃል» አልኳት።

እሷ ሄደች፤ እኔ አነበብኩት። አልወደድኩትም። በታሪኩ ያለችው ልጅ ያደረገችው ነገር አስፈራኝ፤ የጻፈችው ልጅም በየቀኑ በነጠላ ጫማዬ የምትሄድበት ቦታ አስፈራኝ። ወረቀቱን ዘግቼ መመለስ እችል ነበር። እኩለ ቀን ላይ አም ሲዲቅ ከበር «ያላ ያ ኃይሉ፣ ከህረባ መጣ» ብሎ ጮኸ። መብራት ያኔ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ሌላ መጨረሻ ጻፍኩ።

በእኔ መጨረሻ ልጅቷ ከመንገድ ትመለሳለች። የአባቷን በር ታንኳኳለች፤ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አየሩን ለየቤቱ በእኩል ያካፍላሉ። ሦስት መቶ ቅጂ አወጣሁ። እስከ ዛሬ ያባዛሁት ትልቁ ቁጥር ነው። ፊት ለፊት ቆሜ ያልሰማችኝን ልጅ በሦስት መቶ ወረቀት ልመክራት ነው። ስሟን ደግሞ ከታች ተውኩት።

መንገዱ ሲከፈት ቅጂዎቹን አስቀድሜ ልኬ አልማዝ ሻይ ቤት ሄድኩ። በላቸውና ጌታሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህም አዲስ ነገር ነበር።

«አሁን ገና ቁም ነገር ጻፈች» አለ በላቸው። «ሽማግሌ አከበረች።»

«እውነትህን ነው» አለ ጌታሁን።

ይህ ቃል ከአንዱ አፍ ለሌላው ሲወጣ በሠላሳ ዓመት ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱን ያስማማቸው የእኔ ውሸት ነበር። ሳፌዝባቸው የኖርኩ ሰውዬ እነሱ ከሚፈልጉት በላይ ጽፌላቸዋለሁ።

ምሕረት በሩ አጠገብ ቆማ ታነብ ነበር። አልማዝ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትላት ቀና አላለችም። ጨረሰችና ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

«ባባ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እነሱ ጺሙን ብቻ ነው የላጩት።»

ከሱቅ ደብተሯን ወሰደች። መንግሥት ተቀየረ፤ የሽግግር ነው ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። እኔ የቀድሞውን መጨረሻ በራሴ ወጪ ላውጣው ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኳት። አልተቆጣችም፤ ሻይ ቀዳችልኝና ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ። አሁን በዓረብኛ ትጽፋለች። ጓደኞቿ እያነበቡ ሲስቁና ዝም ሲሉ አያለሁ። እኔ ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም።

የእሷን መጨረሻ ከእሷ ሌላ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ አባዛው ብላ አልሰጠችኝም።

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ የምለው አም ሲዲቅ ካለኝ አይበልጥም። የተሰጣችሁን አባዙ፤ ካልወደዳችሁት መልሱ። የልጃችሁም ቢሆን።

ድምሩ ይህ ነው። ታሪኩ አም ሲዲቅን ብዙ ወረቀትና አንድ የተቃጠለ የማባዣ ሞተር አስወጣው። በላቸውና ጌታሁን ያቺን ታሪክ ቀድሞ የተረዳት ማነው በሚለው ተጣልተው መጽሔቱ ተዘጋ። አልማዝ የሚያነቡ ደንበኞቿን አጣች። ምሕረትን አንድ ቋንቋ አስከፈላት። እኔን ያስከፈለኝ የልጄን ጽሑፍ የሚያነብ አንድ አንባቢ ብቻ ነው፤ እሱም እኔው ነበርኩ።