ስትወልጂ ይተውሻል

ኪዳናዊት ቁጭ ካለች ሐርጌሳ የምትፈርስ ይመስላታል። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ጅጅጋ ባደገችው በሮዳ ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሩዙ እስኪበስል ግቢ ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። የዚያ ቤት አቧራ መቀመጫ ቢያጣ ወደ ጎረቤት ተሰዷል እየተባለ ይወራል። የወር አበባዋ ሲደርስ ግን ያቺ እሳት የላሰች ሴት እንደ ማጭድ ትቆለመማለች። ትኩስ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። እንባዋ ሲወርድ ወቀሳው ለሽንኩርቱ ነው።

ሕመሙ ከኮረዳነቷ ጀምሮ የተከተላት ነው። ያኔ እናቷም፣ አክስቷም፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ በአንድ አፍ "ስትወልጂ ይተውሻል" ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ያለ ፓስፖርት ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ድረስ ቀድሟት ገብቷል። 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሏ ጋር በተከራዩት ግቢ፣ ሐኪም ቤት ሳይፈለሰፍ ሐኪም የነበሩት ጎረቤቷ እትዬ ከበደች አሉ። እሳቸው ደግሞ ጨመሩበት፦

"እንዲህ የሚያጣጥፍ ሕመም የወላድ ማሕፀን ነው፣ ልጄ። ደካማ ማሕፀን መች ድምፅ አለው?"

ከዚያ በኋላ ኪዳናዊት በሕመሟ መኩራት ጀመረች። በባሰባት ቁጥር ተስፋዋ ይጨምር ነበር። በዚያ ስሌት ቢሆን እስካሁን አንድ ሻለቃ ጦር ከነአዛዡ በወለደች። የተወለደ ግን የለም። የባሏ የክፍሌ እናት ከአገር ቤት ሲደውሉ ሰላምታውን ሳይጨርሱ "እህስ?" ይላሉ። ሰሞኑን "እህስ" ማለቱን ተዉና ልጃቸው ለፋሲካ እንዲመጣ አዘዙ። ብቻውን። ለምን ብቻውን እንደተፈለገ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ አንዲት ልጅ ታይታለታለች። "ብቻውን" የምትለው ቃል ኪዳናዊት ጆሮ ውስጥ እንደ ዝንብ ገብታ መዞር ያዘች፤ ብትጠርግ አትወጣ፣ ብታጥብ አትወጣ።

አንድ ቀን ሮዳ ወጥ ቤት ስትገባ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አገኘቻት።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም፣ እትዬ ሮዳ። ወለሉን እያየሁት ነው።"

"ወለሉ ታየ፣ ደህና ነው ወላሂ። አሁን አንቺ ትታዪ። ተነሽ።"

ሮዳ ይዛት የሄደችበት ሐኪም ቤት ሐኪሟ ሴት ነበረች። በሶማሊኛ ሁለት ቃል ስትናገር ሮዳ በአማርኛ ስብከት ታደርገዋለች።

"የማሕፀንሽን ውስጥ የሚያለብስ ሥጋ አለ። አንቺ ጋ እሱን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጪም በቅሏል ነው የምትለው። ወርሽ ሲመጣ እሱም ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለው። ያቆስላል፣ ጠባሳው እንደ ሙጫ ያጣብቃል፤ ቱቦው ይታጠፋል፣ እንቁላሉ መንገድ ያጣል። እንቁላል ማምረቻሽ ላይም ያረጀ ደም የቋጠረ ከረጢት ታይቷታል። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው።"

ስሙ ከዚህ እስከ በርበራ ይረዝማል። ኪዳናዊት ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበረች፤ እግሯ ብቻውን ይራመዳል።

"ስወልድ ይተወኛል ብለውኝ ነበር።"

ሮዳ ተረጎመች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የዚህኛው ትርጉም አጭር ሆነ።

"እንዳትወልጂ የያዘሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም ትላለች።"

ከዚያ ሮዳ ወደ ስብከቷ ተመለሰች። ይዟቸውም የሚወልዱ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ቀዶ ጥገና ወይም ሌላ እርዳታ ይሻሉ፤ ኪዳናዊት አዲስ አበባ ሄዳ ሆዷ ውስጥ በካሜራ ይታይላት፣ ጊዜ አታባክን፤ ባሏም ይመርመር፤ የቀረው ኢንሻ አላህ።

ሮዳ በመኪና ላድርስሽ ብትላት እምቢ አለች። ዋሄን ገበያን በእግሯ ሰንጥቃ አለፈች። ከፊቷ ያለ ጋሪ ሁሉ ቆሞ የቀረ መሰላት፤ ሸክም የተሸከሙት እንኳ መንገድ ለቀቁላት። ያ ሁሉ ዓመት የኮራችበት ሕመም በሩን ከውስጥ ሲቆልፍባት ኖሯል።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ክፍሌ የግቢው በር ላይ ለበርበራ ጉዞ እየተዘጋጀ ነበር። ሳይነሳ በፊት ጎማዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ በብረት ይመታል፤ ልቡን የሚጥለው ድምፃቸውን ሲሰማ ነው። ጎማ ሳይመታ ከሚወጣ ቁርስና ምሳውን ሳይበላ ቢወጣ ይመርጣል። ኪዳናዊት የተባለችውን ሁሉ ቆማ ነገረችው። ቆማ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ መኪናውን እየዞረች ነው።

"እንግዲህ ነገሩ ካንቺ ነው ማለት ነዋ" አለ ክፍሌ ቀስ ብሎ።

"አንዱን ጎማ ብቻ መትተህ መንገድ ትወጣለህ?"

"እንዴት?"

"አንተም ትታይ ተብሏል።"

"እኔ ደህና ነኝ።"

"ሳትመታው ደህና ነኝ ያለህ ጎማ የትኛው ነው?"

እትዬ ከበደች ልብስ ማስጫው ጋ አንድ ነጠላ ደጋግመው ያሰጣሉ። ክፍሌ አንዱኑ ጎማ መታ፣ ደገመው፤ ጎማው ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ተቀጠቀጠ።

"እናቴ ለፋሲካ ብቻህን ና ብላለች" አለ መጨረሻ ላይ፣ ቀና ሳይል።

"አውቃለሁ። አብረን ነው የምንሄደው። መጀመሪያ የምንወርደው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ እናትህ ጋ። ብቻህን የምትሄድ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንገረኝ፣ ዝንቡ ይውጣልኝ።"

ዝንቡ ምን እንደሆነ ክፍሌ አልጠየቀም። ብረቱን ጋቢናው ውስጥ ወረወረና ገብቶ መሪውን ያዘ።

"እዚህ ያለው ሐኪም ቤት ጠዋት ይከፍታል? ከበርበራ ስመለስ ልግባ ብዬ ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ። ብቻዬን አልገባም።"

መኪናው ሲሄድ ኪዳናዊት የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ከበደች ነጠላቸውን ይዘው ቀረቡ።

"ግድ የለሽም፣ ልጄ፣ ስትወልጂ..." ብለው ጀመሩና ዋጡት።

ሐርጌሳ አልፈረሰችም። ኪዳናዊት ግን ከተማዪቱን ብዙ አላመነቻትም፤ ተነስታ መጥረጊያዋን አነሳችና የጎማውን ዱካ መጥረግ ጀመረች። ሊመለስ ነው፣ መንገዱ ይጽዳለት።