የወንድሙ ምስክርነት

መንግሥቴ ከታላቅ ወንድሙ ከያየህ ጋር አራት ዓመት ሳይነጋገር ኖረ። ሁለቱም የቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ናቸው፤ ሩዝ ሲያርሙ አንዱ የሌላውን ሳል ይሰማል።

የተቀያየሙት በወሰን ነው። አንድ ክረምት ጎርፉ በመንግሥቴና በጎረቤቱ በበላቸው ማሳ መካከል የነበረውን የወሰን ድንጋይ ጠርጎ ወሰደው። ግንቦት ላይ፣ ሊታረስ ሲል፣ ሽማግሎች ያየህን ለምስክርነት ጠሩት። በዚያ ሜዳ ውሃ ያጠፋውን ወሰን እንደ እሱ የሚያስታውስ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ የመንግሥቴ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

"ወሰኑ ይኸ ነው" አለ።

"ጋሼ፣ ድንጋዩን ከአባታችን ጋር አብረን ተክለነው የለም ወይ?"

ያየህ ግራ በተጋባ ዓይን አየውና "ይኸ ነው" ብሎ ደገመ።

መንግሥቴ ስምንት ትልም አጣ። ወንድሜ ለበላቸው አዳላ ብሎ አመነና ከዚያ ወዲያ ቤቱን አልረገጠም። ያየህ ከወረታ ገበያ ሲመለስ መንገድ ጠፋው ብለው ሲነግሩት እንኳ "አውቆ ነው" ይል ነበር።

ባለፈው ጥር ዶክተር ሰአዳ የምትባል የወረታ ነጋዴ ልጅ መጣች። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሰዎችና ወንድም እህቶቻቸውን አንጎል በመሣሪያ ፎቶ እያነሳች፣ በሽታው ማንን እንደሚያሰጋ የምታጠና ናት። ያየህን አስቀድማ መርምራዋለች። መንግሥቴ ሁለት ጊዜ እንቢ አላት፤ በሦስተኛው "ለእርስዎም ያሰጋል" ስትለው እሺ አለ። ያስነሳው ለወንድሙ ማዘን ሳይሆን ለራሱ መፍራት ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

ባሕር ዳር ወስደው እንደ ጉድጓድ ጠባብ የሆነ፣ የሚያንኳኳ መሣሪያ ውስጥ አስተኙት። ሲጨርስ የወንድሙን ሥዕል ለማየት ለመነ። የያየህ ሚስት ድንቅነሽ ፈቅዳ ስለነበር ሰአዳ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየችው።

"ትውስታን የሚይዘው ይኸ ነው። የእርስዎ ደህና ነው። የእሳቸው ኮስምኗል።"

"መቼ ጀመረው?"

"ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ይቆያል።"

"ያን ወሰን ሲመሰክር አሞት ነበር?"

"ያን ቀን የሆነውን ሥዕሉ አይነግረኝም፣ ጋሽ መንግሥቴ። ግን ሊሆን ይችላል።"

ወረታ ከመኪና እንደወረደ ቤቱ አልገባም። በቀጥታ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። "ጋሼ፣ ይቅር በለኝ!"

ያየህ ደንግጦ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ይኸ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? አስቀምጭው እንጅ።"

ድንቅነሽ መንግሥቴን ክንዱን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችው።

"እትዬ፣ አላወቀኝም" አላት።

"ባለፈው ፋሲካ ያውቅህ ነበር። 'መንግሥቴ ይመጣል' ብሎ ሳይገድፍ እስከ ማታ ጠበቀህ። እኔም ሰው ልላክብህ ብዬ፣ ኮርቼ ቀረሁ።"

አሁን መንግሥቴ የወንድሙንም ማሳ ያርሳል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ይላል። ያየህ እንግዳ መጣ ብሎ ከመቀመጫው ይነሳለታል። መንግሥቴም ታላቅ ወንድሙን ላለማስነሳት ከደጅ ጀምሮ ይጣራል፦

"ኧረ በማርያም! ይቀመጡ!"