ባልዲዬና ቁጥር ያጣው ድንጋይ

ወደ ማኅበሩ የሚያስወጣው ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን አለው። ታች ጎማ ቤት ነው፤ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ አሥራ አራት ቁም ሣጥን፣ ከሦስት ሺህ በላይ ድንጋይ። ጎማ ጠጋኞቹ ቀና እያሉ ጣሪያውን ያዩና «ይሄ ሁሉ አንድ ቀን አናታችን ላይ ይወርዳል» ይላሉ። እስካሁን አልወረደም። የአካባቢው የሥነ ምድር ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ አለቀለት ሲሉት እስካሁን አለ።

ባልዲዬ የሚለውን ስም ለጽዳት ሠራተኛዋ ያወጡላት መምህሩ ናቸው። ማኅበሩን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ኪሳቸው በጠጠር ብዛት ተቀዶ ሚስታቸው መስፋት የሰለቻቸው ሰው። ስሙ ስድብ ይመስላል እንጂ አይደለም። የመጣው ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ያን ጊዜ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሥራ ፍለጋ ስንቱን ደጅ ስትጠና ከርማ ማኅበሩ በጽዳት ቀጠራት። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። አንዱን መሳቢያ ሳብ ብታደርገው ድንጋዮቹ አቧራ ለብሰዋል። እሷና አቧራ ደግሞ ድሮም አይዋደዱም። ሙቅ ውሃ በባልዲ ቀዳች፣ ሳሙና በጠበጠች፣ መሳቢያውን ገልብጣ እያንዳንዱን ድንጋይ በብሩሽ ትፈትገው ጀመር። በየድንጋዩ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ቁጥር ተጽፏል። እሷ እድፍ መሰላት። እድፉን አስለቀቀችው፤ እግዜር ይስጣት።

አንዱ ግን እንደ መስታወት የጠራ፣ የአውራ ጣት ያህል ድንጋይ ነበር። እሱን ትንሽ ይዘፍዘፍ ብላ ባልዲው ውስጥ ተወችው። ኋላ እጇን ብትሰድ የለም። እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ገባች። የለም። በባዶ ክፍል ውስጥ፣ በመጀመሪያ ቀኗ፣ የሰው ድንጋይ ጠፋባት። ሌባ ሊሏት ነው።

መምህሩ ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ባልዲው አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ነገሩን ሰሙ፣ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፣ ቀመሱት።

«ጨው ነበር» አሉ፤ ከዚያም ወንበር እስኪፈልጉ ድረስ ሳቁ። ሳቁ የቆመው የተፈተጉትን ድንጋዮች ሲያዩ ነው።

እዚያ ቤት ደንብ አለ። አንድ ድንጋይ ሲገባ ቁጥር ይጻፍበታል፤ በትልቁ መዝገብ ላይ ደግሞ በቁጥሩ መስመር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳገኘውና መቼ እንደተገኘ ይሰፍራል። ቁጥሩን ያጣ ድንጋይ ስለ አገሩ መሬት ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ወደ ጓሮ ይጣላል። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ቀልድ የማያውቀው ጡረተኛ ቀያሽ፣ ድንጋዮቹም ሴትዮዋም ይውጡ አለ።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው ለመምህሩ፤ «የእያንዳንዱን ቦታ ፈልጌ ልመልሰውና ከዚያ እሄድልዎታለሁ። ዓይናችሁን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።»

«እስከ ሰባተኛ ክፍል ብቻ ተምረሽ?» አሏት።

«ያስተምሩኛል።»

መሳቢያዋ ውስጥ አሥራ ስምንት ድንጋይ ነበር። መዝገቡ ሲታይ ድንጋይ የሌላቸው መስመሮች አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ አንዱ የሟሟው ጨው ነው። ሒሳቡ ገጠመ፤ መምህሩ ጸሐፊውን አግባቡትና ሥራው ተጀመረ።

አባላቱ በየእሑዱ መዶሻና ደብተር ይዘው በየገደሉና በየወንዙ ይዞራሉ። እሷም ተከተለቻቸው። መጀመሪያ ላይ በዝምታ ኋላ ኋላ ትሄድ ነበር፤ ውላ አድራ ግን ጥያቄዋ መድረሻ አሳጣቸው። ድንጋዩን በሚስማር መጫር፣ በአጉሊ መነጽር ማየት፣ አሲድ ጠብ አድርጎ መፍላት አለመፍላቱን መጠበቅ ተማረች። በአምስተኛው ወር ቀንድ አውጣ የታተመበት የኖራ ድንጋይ ይዛ አንድ አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ግድግዳ ላይ ለጠፍ ብታደርገው፣ ያው ቀለም፣ ያው ቀንድ አውጣ። ሰው ዘመዱን አግኝቶ እንኳ እንደዚያ አይጮኽም። አንዱ መስመር ተዘጋ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ወርቅ አገኘሁ ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ አይጠፋም፤ ወርቅ አለመሆኑን እያጽናናች የምትነግረው እሷ ሆነች። ቤት ልሠራ ነው ብሎ ከጓሮው አፈር ያመጣውን «ይሄ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ መሠረትህን ይሰነጥቀዋል» ብላ መለሰችው፤ ሰውየው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያያት ባርኔጣውን ያነሣል። ተማሪዎች ሲመጡማ ያንኑ ባልዲ መሃል ታስቀምጥና፣ ጨው እያሟሟች የራሷን ጉድ ትነግራቸዋለች። ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ ጨው በውሃ የሚሟሟ ድንጋይ መሆኑንም ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም።

በሰባት ዓመት አሥራ ሰባቱን መለሰች። የቀረው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከጨው ሌላ ክፍት የቀረው መስመርም አንድ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፤ «ጥቁር ባዛልት፣ ከታችኛው ወንዝ ዳር» ይላል። ወንዙ ዳር ወረደች። የወንዝ ድንጋይ ተንከባሎ ተንከባሎ ጠርዙ ይሟልላል፤ የእሷ ግን ጠርዙ ቢላዋ ነው። ዓይኗ አይደለም አላት። እሷ ግን የተማሩ ሰዎች ከጻፉት መስመር ይልቅ የራሷን ዓይን ተጠራጠረች። መምህሩን ስትጠይቃቸው ወሬ ይለውጣሉ።

በዚያው ዓመት አባላቱ ሙሉ አባል ትሁን ብለው ወሰኑ። ሐሳቡን ያቀረበው ያ ቀልድ የማያውቀው ጸሐፊ መሆኑ ሁሉንም አስገረመ። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። «መሳቢያዬን ሳልጨርስ የአባላት መዝገብ ላይ አልፈርምም። ጥፋቴን ይዤ እናንተ መሃል አልቀመጥም።» መምህሩ አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩና ወሬውን ወደ እሑዱ ጉዞ አዞሩት።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ የመምህሩ ልብ ደከመ። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳይወጡ ከለከላቸው፤ ሃያ ሁለቱ እርከን ባንድ ቃል ተዘጋባቸው። አንድ ቀን ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትወጣ ሚስታቸው እስከ በር ሸኟትና እጇን ያዟት።

«ሌላ ምንም አልጠየቀም። ፊርማሽን ሳላይ እንዳልሄድ ይላል። ምናለ ብትፈርሚለት?»

«እትዬ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። በማግስቱ ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

በሳምንቱ ቅዳሜ አንዲት ወጣት ሴት ካርቶን ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። የሟች አባል ልጅ ናት፤ የአባቷን ዕቃ ስታነሣ ድንጋዮች አግኝታ መጣል ከበዳት። ባልዲዬ አንድ በአንድ ከጋዜጣ ፈታቻቸው። ሦስተኛው ጥቁር፣ ጠርዙ የሟለለ፣ የወንዝ ድንጋይ ነበር። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም፣ በመምህሩ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። አባቷ ለማየት ወስዶት ኖሯል፤ እሱም ረስቷል፣ ማኅበሩም ረስቷል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት እሱ ከሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሳቢያዋ ውስጥ ያለው ጥቁር ድንጋይ ማን ነው? መዝገቡ ውስጥ ለእሱ የሚሆን አንድም መስመር የለም።

ሁለቱን ድንጋዮች በመሐረብ ቋጥራ፣ ትልቁንና የአባላቱን መዝገብ በዘንቢል ይዛ መምህሩ ቤት ሄደች። መስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ድንጋዮቹን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ባለ ቁጥሩን አዩት። ከዚያ ጥቁሩን አዩትና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ሲያጠፋ የተያዘ ተማሪ ነበር የሚመስሉት።

«ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ ከየት ነው የመጣው?»

«ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት» አሉ ቀስ ብለው። «አስፋልት ሲሠሩ የተረፈ ኮረት ነው። መፍጫ የሰበረው።»

«ማን አመጣው?»

«እኔ ነኛ። ያጠብሽው አሥራ ሰባት ነበር። በማግስቱ እሱን አንስቼ ጨመርኩበት።»

ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «እሰይ! ወጣልህ? እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ንገራት አልኩት!»

ባልዲዬ ብድግ አለች። «ወንዙን ሦስት ጊዜ ወረድኩኮ! አራት ዓመት አልፈርምም ስል እያዩኝ!»

«እያየሁሽ» አሉ። «መልሼ እሄዳለሁ ስላልሽኝ ነው። የትም መድረሻ አልነበረሽም፤ አሳዘንሽኝ። ቦታ የማይገኝለት አንድ ድንጋይ ካለ አትሄጂም ብዬ ነው። መስመር እንደሌለው ቶሎ ትደርሺበታለሽ፣ ያኔ እንስቃለን ብዬ ነበር። ይሄ ድንጋዩ የጠፋ መስመር፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣ ከየት መጥቶ ሒሳቡን ገጠመብኝ! ከዚያ በኋላ ደግሞ…» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ በኋላ ለራሴ ነው። እኛ እያረጀን ነበር። እንዳንቺ የሚጠይቅ ሰው አልመጣም። እውነቱን ከነገርኩሽ ትቀየሚኝና ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አፏ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆነ፣ ሳቁም ዕንባ ሆነ። አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ዓመት ዕዳ መስሏት የተሸከመችው ድንጋይ ለካ የመፈለጓ ምልክት ነበር።

መዝገቡን ገለጠች። በመጨረሻው ገጽ አዲስ መስመር ላይ ጻፈች፦ ባዛልት፤ ከማኅበሩ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልት ዳር፤ ያገኙት መምህሩ፤ ቀኑንም ነገሯት።

«ማስታወሻው ላይ ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«ሠራተኛዋ እንዳትሄድ የተቀመጠ» ብላ ጻፈች። መምህሩ አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው አነበቡት። ብዕሩን ተቀበሏት፣ «ሠራተኛዋ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙት፣ ከላዩ ላይ «ባልዲዬ» ብለው ጻፉበት።

ከዚያ የአባላቱን መዝገብ ከዘንቢሉ አወጣች። ፈረመች። ከጎኑ፣ ምስክር በሚለው ቦታ፣ መምህሩ ፈረሙ። ቀለሙ ከደረቀም በኋላ ማንም መዝገቡን አልዘጋውም።