ለኻርቱም ቪዛ የቆሙ ምስክሮች

ባሌ ከኻርቱም «ልጆቹን ይዘሽ ነይ» ብሎ ሲልክብኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱኑ ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። ያኔ የዳንግላ ሰው ሱዳን ሲሄድ ቪዛ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ስንቅ ይሰነቃል፣ አህያ ይጫናል፣ በመተማ ይወጣል፤ አለቀ። የኔው ሰውዬ ግን የሚሠራበት ጋራዥ ለባለትዳር ቤት የሚሰጠው ቤተሰቡ በሕግ ከገባ ብቻ ነው አለ። ፓስፖርትና ቪዛ ለማውጣት ደግሞ ሚስቱ መሆኔን፣ ልጆቹም ከአብራካችን የተገኙ መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅልኝ ፈለገ። መልእክቱን ያመጣውን ነጋዴ ደጋግሜ አስነገርኩት። ባሌ እንዳልመጣበት መንገዱን እያረዘመብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆይ፣ ወረቀቱን ሁሉ አሟልቼ ደጁ ላይ ባልቆም! አልኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሲከለክለኝ እንጂ ሲጋብዘኝ እግሬ አይፈጥንም።

ልጆቼ ሦስት ሴቶች ናቸው። ሁለቱን ወልጃቸዋለሁ። ሦስተኛዋ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ ጥርባ አካባቢ ለአንድ የአገው ገበሬ ተድራ ነበርና ይህችን ልጅ በወለደች በሳምንቷ ሞተች። እኔም ያኔ አራስ ነበርኩ። ሕፃኗን በፈረስ አመጡልኝና ከራሴ ልጅ ጋር ግራና ቀኝ አጠባኋት። ኋላ አባቷም በንዳድ ሲሞት በሽማግሌ ፊት የጡት ልጄ ተባለች። ማን እንደወለዳት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ግን በቤታችን ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም።

የአባቷ ርስት እዚያው ጥርባ ቀርቷል። አጎቷ፣ ማለት የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ያርሰዋል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መሬቷን ትረከባለች ተብሎ ሽማግሌ ወስኗል። እስከዚያው በየዓመቱ አንድ ቁና ገብስ ይልክላታል፤ ቁናውም ሞልቶ መጥቶ አያውቅም።

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላውን ዘርግቶ የሚቀመጥ ነገረ ፈጅ ነበር። ያለ ነገረ ፈጅ ዳኛ ፊት የሚቆም የለም ስላሉኝ ሄድኩበት። ነገሬን እንኳ ሳልጨርስ፣

«ሦስቱንም ወልጃቸዋለሁ በይ» አለኝ።

«አንዷን አልወለድኳትማ፤ የጡት ልጄ ናት።»

«የሱዳን ሹም ጡት ምን እንደሆነ ያውቃል? ከአብራክ ካለ ከአብራክ ነው። እውነቱን ካወራሽ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች። የሚምልልሽ ምስክር ፈልጊ፣ የቀረውን ለእኔ ተይው።»

ቀጥሎ የልጅቷ አባት ማን እንደነበር፣ መሬቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ማን እንደሚያርሰው ይጠይቀኝ ጀመር። ለቪዛ መሬት ምን ያደርግለታል? ምናልባት የጠየቀው ለእኔው አስቦ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያች ሰዓት ግን ነገሩ ሸተተኝና ተነሣሁ።

«ነገረ ፈጅ አልፈልግም፤ አፍ አለኝ» አልኩት።

«አፍማ አለሽ» አለና ጃንጥላውን አስተካከለ።

አፍ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። ለጋብቻዬ ያጋቡን ቄስ ነበሩ። ሦስተኛዋን ወልዳታለች ብሎ መስቀል ይዞ የሚምል ግን ከወዴት ይገኛል? ጎረቤቶቼን በዘወርዋራ ብጠይቅ ሁሉም ወሬ ቀየሩ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን አላደርገውም። እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቷን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ባሌንም መተው አልፈለግሁም።

በዚህ መሀል አጎቷ ሳይጠራ መጣ። ፈረሱን ደጃፌ ላይ አስሮ በእንስራ ማር ይዞ ገባ። ቁና የማይሞላ ሰው ማር ይዞ ሲመጣ ማን ደስ ይለዋል? በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ ነበር የምለው።

«እቴ፣ ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። «ምስክር ካጣሽ እኔ አለሁልሽ። ከሆድሽ ነው የወጣች ብዬ መስቀል እይዛለሁ።»

«አያ፣ በሐሰት ሊምሉልኝ?»

«ለሕፃን ሲባል ምን ሐሰት አለው! ከእህቶቿ አትለይ እንጂ።»

ማን ነገረው? ነገረ ፈጁን ጠረጠርኩ። አብሮት የመጣው ሰው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረገና ሁለቱም ሳቁ። እኔ አገውኛ የማውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ ሳቃቸው ላይ አልደረስኩም። ቢሆንም እሺ አልኩ። ሦስቱንም ይዤ መሄድ ስለፈለግሁ ብቻ ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግሁት። ማሩንም ተቀበልኩ።

የቀጠሮው ቀን ሲያካፋ አደረ። ልጆቹን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብቼ፣ በጋሪ ይዣቸው ሄድኩ። ቄሱ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አጎትየው ግን ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሏል። አየሁና አወቅኋቸው። የእህቴ ባል ሲሞት የመሬቱን ወሰን እየዞሩ ድንጋዩን ያሳዩት እነሱ ነበሩ። የርስቷ አዋሳኞች ናቸው።

«እነዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?» አልኩት።

«እንዲያው ለአጀብ ነው» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ለሚስትነቴና ለልጆቼ ጉዳይ የድንበር ሰው ምን ያደርጋል? በረንዳው ላይ ተጠልዬ ይህንኑ ሳመላልስ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። እኔ ዛሬ ዳኛ ፊት ወልጃታለሁ ካልኩ ልጅቷ የወንድሙ ልጅ መሆኗ ይቀራል። የወንድሙ ልጅ ካልሆነች ርስቱ የሱ ነው። ነገ ሌላ ችሎት ሲቆም እነዚህ ሁለት ሰዎች እናት ነኝ ባይዋ በገዛ አፏ ስትምል ሰምተናል ይላሉ። ደሜ ፈላ። ያን ማር ከነእንስራው እፊቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

ተጠርተን ገባን። ቄሱ ስለ ጋብቻችን መሰከሩ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩና፣

«እነዚህ ሦስት ልጆች ከባልሽ የወለድሻቸው ናቸው?» አሉኝ።

ልጆቹ አጠገቤ ተደርድረዋል። አዎ ብል ሦስቱም ይሄዳሉ፤ አንዷ ግን አባትም መሬትም የሌላት ሆና ትሄዳለች። አገር ቤት መመለስ ቢያምራት መቆሚያ የላትም። አይደለም ብል ደግሞ ቪዛ የላትም። ዳኛው ጥያቄውን ደገሙት።

«ጌታዬ፣ ሁለቱን ወልጃቸዋለሁ» አልኩ። «ይህችን አልወለድኳትም። የእህቴ ልጅ ናት፤ አጥብቼ አሳድጌያታለሁ። አባቷ የእኚህ ሰው ወንድም ነበር። ርስቷም ጥርባ ነው። አዋሳኞቿ እነሆ ቆመዋል፤ ይጠየቁልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩ እውነት መሆኑን ተናገረ። አጎትየው ከችሎቱ ወጥቶ ፈረሱ ላይ ወጣ። ማሬን መልሺ አለማለቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረው «ለሁለቱ ጻፍ» አሉ።

እኔ ድል ያደረግሁ መስሎኝ እየተፍለቀለቅሁ ወጣሁ። ሌባውን ይዤዋለሁ፣ መሬቷን አስመስክሬያለሁ፣ ነገረ ፈጅም አላስፈለገኝም። ልጅቷን ልስማት ዞር ስል ወደ ኋላ ቀርታለች። ጎንበስ ብዬ ስለ ርስቷ፣ ስለ አጎቷ ተንኮል፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሁሉ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣

«ስትሄዱ ለማን ነው የምትሰጪኝ?» አለችኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሼ ሳበቃ ያላንቺ አልሄድም አልኳት፤ አልሄድኩምም። ለሦስታችን የወጣው ወረቀት ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳጥን ውስጥ ቀኑ አለፈበት። ባሌም በተራው እኔን ጠረጠረ። «ሌላ ሰው ብታገኝ ነው እንጂ መንገድ ተከፍቶላት የምትቀር ሴት የለችም» ብሎ ላከብኝ። ብስጭቴ ልክ አልነበረውም፤ መልስ እንኳ አልላክሁለትም። እሱም ከዚያ ወዲያ አልላከም። አዎ፣ እወደው ነበር።

ልጅቷ ግን መቅረቴን እያየች እንኳ አላመነችኝም። ገበያ ስወጣ ሥራዋን ጥላ ትከተለኛለች። ጋሪ ላይ ስቀመጥ የነጠላዬን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ትይዛለች። «የትም አልሄድም፣ ልቀቂኝ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች፤ ጨርቁን ግን አትለቅም። አልተቆጣኋትም። ሰው እንዳታምኚ እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።